ሁሉም ይፈርማሉ



ባለፈው ሴሚስተር ማለቂያ ላይ ከዒሻ ሶላት በኋላ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ፣ በጤና ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ አንድ ወንድማችን ስለ መመረቂያ ጥናቱ አጫወተን። ወደ አንድ ማረሚያ ቤት ገብቶ የሚያስላቸውን ታራሚዎች አክታ በማስመርመር የሳንባ ነቀርሳን ስርጭት ሊያጠና አስቧል። ርዕሱን ሁላችንም ወደድንለት። «ሰው ማግኘቱ ግን አይከብድህም?» ስንለው ሳቅ አለና «እዚያ ምን ችግር አለ! ካቦው ይጠራቸዋል፣ ይሰለፋሉ፣ ሁሉም ይፈርማሉ» አለን።

የሕግ ተማሪ የሆነው ሌላው ወንድማችን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኛ ዶርም መጠይቅ ስትበትን ግማሹ ሳይሞላ ነው የሚመለስልህ። እነሱ ሁሉም የሚፈርሙት ለምንድን ነው?»

መልስ አልነበረንም። ጥናቱን ያሰበው ወንድማችንም አልተቀየመም፤ እንዲያውም «እስቲ አብረን እናንብብ» ያለው እሱ ነው። በየሳምንቱ እየተገናኘን ካነበብነው ውስጥ ለእናንተም ይጠቅማል ያልነውን እነሆ። ብዙዎቻችን የጤና ተማሪዎች ነን፤ የተቀረነውም አንድ ቀን ቅጽ ይዞ የሚመጣ ተመራማሪ በራችንን ያንኳኳል።

በመጀመሪያ ሕክምናና ምርምር አንድ እንዳልሆኑ መያዝ ያስፈልጋል። ሐኪም ሲያክም የሚያስበው ፊቱ ስለተቀመጠው በሽተኛ ነው። ተመራማሪ ሲመራመር ግን የሚፈልገው እውቀት ነው፤ እውቀቱ ነገ ለሌሎች ይጠቅማል፣ ዛሬ ደሙን ለሰጠው ሰው ግን ምንም ላይጠቅመው ይችላል። ስለዚህ በምርምር የሚሳተፍ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ስጦታ የሚሆነው ሰጪው መከልከልም ሲችል ብቻ ነው።

ከወባ እንነሳ፤ ከሁምቦም ሆነ ከዱጉና ፋንጎ ቆላ የመጣ ተማሪ ወባን ማንም እንዲያስተዋውቀው አይፈልግም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል። ይህን የተደበቀውን ጥገኛ ተሕዋስ ለመንቀል የሚሰጠው መድኃኒት ፕሪማኩዊን ይባላል። በጤና ተቋሞቻችን ከክሎሮኪን ጋር የሚታዘዘው ይኸው መድኃኒት በሰው ላይ በስፋት ከተፈተሸባቸው ቦታዎች አንዱ አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ የሚገኘው የስቴትቪል ወህኒ ቤት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1944 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአሜሪካ ጦር ጋር በመሆን እዚያ ሥራ ጀመሩ። የጦርነት ጊዜ ነበር፤ ወታደሮች በፓስፊክ ደሴቶች በወባ ይረግፉ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ብቻ ከ400 በላይ እስረኞች ገቡበት። በሽታው የያዛቸውን ትንኞች አስነክሰው ወባ ያሲዟቸዋል፣ ከዚያ አዳዲስ መድኃኒቶችን ይሞክሩባቸዋል። እስረኞቹ ፈርመዋል፣ ጥቂት ገንዘብም ተከፍሏቸዋል። ብዙዎቹም እንደ እኛ አገር አመክሮ ያለ የእስር ጊዜ ቅነሳ ተስፋ አድርገው ነበር፤ የተቀነሰላቸውም አሉ። ጋዜጦች አገር ወዳዶች ብለው አወደሷቸው። ሥራው ከጦርነቱ በኋላም ቀጥሎ እስከ 1970ዎቹ ዘለቀ። በጥቁር እስረኞች ላይ ፕሪማኩዊን ሲሞከር የአንዳንዶቹን ቀይ የደም ሴሎች ሲያፈራርስ ታየ፤ ምክንያቱ ሲፈለግ እ.ኤ.አ. በ1956 ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም እጥረት መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ፋርማኮሎጂ ክፍል ውስጥ «ፕሪማኩዊን ከመስጠትህ በፊት ጂ6ፒዲ» እያልን የምንሸመድዳት መስመር የመጣችው ከእነዚያ ሰዎች ደም ነው።

ስቴትቪልን ዓለም ሁሉ ያወቀው ግን በሌላ በር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ኑረምበርግ ላይ 23 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሐኪሞች፣ በናዚ ማጎሪያ ካምፖች በእስረኞች ላይ በፈጸሟቸው ሙከራዎች ተከሰሱ። በበረዶ ውኃ ውስጥ የነከሯቸው፣ ሆን ብለው በወባና በታይፈስ ያስያዟቸው፣ የባሕር ውኃ ብቻ ያጠጧቸው ሰዎች ነበሩ። ተከላካዮቹ ታዲያ «እናንተስ? ስቴትቪል ውስጥ በእስረኛ ላይ ወባ ስትሞክሩ አልነበረም?» ብለው ተነሱ።

መልስ የሰጠው የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርን ወክሎ የቀረበው ዶክተር አንድሩ አይቪ ነው። የኢሊኖይ እስረኞች በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው፣ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴም በግዛቱ ገዢ ተቋቁሟል ብሎ መሰከረ። የታሪክ ተመራማሪዎች በኋላ እንዳሳዩት፣ ሰብሳቢው እሱ ራሱ የሆነው ያ ኮሚቴ በዚያች ሰዓት አንድም ጊዜ ተሰብስቦ አያውቅም ነበር! ፍርዱ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1947 ተሰጠ፤ 16ቱ ጥፋተኛ ተባሉ፣ ሰባቱ ተሰቀሉ። ከፍርዱ ጋር 10 ነጥቦች ያሉት የኑረምበርግ ደንብ ወጣ፤ የመጀመሪያው ነጥብ ያለ ተሳታፊው ነፃ ፈቃድ ሙከራ አይኖርም የሚል ነው። የኢሊኖዩ ኮሚቴ ደግሞ በ1948 ሪፖርቱን አውጥቶ ስቴትቪልን ለሌሎች አርአያ የሚሆን ብሎ አጸደቀው።

ሁለቱን እኩል ማድረግ አንፈልግም። በዳካው የሞተውና በስቴትቪል የፈረመው ሰው አንድ አይደሉም። ግን ይቺ ታሪክ አንድ ነገር አሳየችን፤ ፊርማ መኖሩ ብቻ ነገሩን አይዘጋውም። ፈራሚው እምቢ ቢል ምን ይቀርበት ነበር?

ከዚያ በኋላ በፊላዴልፊያው ሆልምስበርግ እስር ቤት የሆነው ይህንኑ ጥያቄ ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1974 ድረስ አልበርት ክሊግማን በሚባል የቆዳ ሐኪም መሪነት ከሽቶና ከሳሙና ጀምሮ ዳዮክሲን እስከሚባለው መርዝ ድረስ በእስረኞች ቆዳ ላይ ተሞክሯል። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ብዙዎቹ ገና አልተፈረደባቸውም፤ ለዋስትና የሚያስይዙት ገንዘብ አጥተው ቀጠሮ የሚጠብቁ ናቸው፤ ያቺ ክፍያ መውጫቸው ነበረች። ዛሬ ለብጉር ፋርማሲ የምንጠይቀው ትሬቲኖይን የተባለው ቅባት ታሪክ ከዚያ ሐኪም ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ ይቅርታ የጠየቀችው በ2022 ነው። የቆየ ታሪክ ነው እንዳንል ደግሞ፣ በ2021 በአርካንሳስ ግዛት አንድ እስር ቤት ኮቪድ የያዛቸው አራት ታሳሪዎች አይቨርመክቲን «ቫይታሚን ነው» ተብለው እንደተሰጣቸው ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2023 በካሳ ስምምነት ተዘጋ።

አሁን ወደ ዲናችን እንመለስ። ዑለሞች ኢክራህን፣ ማለትም ማስገደድን፣ በሰፊው ጽፈውበታል። እኛን በጣም የገረመን የሐነፊ ፉቀሃዎች አከፋፈል ነው። ኢኽቲያርና ሪዷ የሚባሉ ሁለት ነገሮችን ይለያሉ። ኢኽቲያር ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው። ሪዷ ግን በመረጡት ነገር መውደድና ልብ መርካት ነው። አንድን ሰው ሕይወቱን ወይም አካሉን በሚያሳጣ ነገር ማስገደድ ከባዱ ኢክራህ ነው፤ በእስር ወይም ለሞት በማያደርስ ዱላ ማስገደድ ደግሞ ቀለል ያለው። ይህ ቀለል ያለው ኢክራህ ኢኽቲያርን አያበላሽም፣ ሪዷን ግን ያጠፋል ይላሉ። ሰውየው መርጧል፤ ወዶ ግን አይደለም። ስለዚህ እንደ ሽያጭ ያለ ሪዷን የሚፈልግ ውል በዚህ ሁኔታ ከተፈጸመ ጤናማ አይሆንም።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ፤ እኛ ሙፍቲ አይደለንም። ፉቀሃዎቹ የጻፉት «ካላደረግህ አስርሃለሁ» ስለተባለ ሰው ነው እንጂ ታስሮ ስላለና ማንም ስላላስፈራራው ሰው አይደለም። ነገር ግን ስቴትቪል ውስጥ «ከፈረምክ ቶሎ ትወጣለህ» የተባለው ሰው ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? በሻይ ሰዓታችን ያልተስማማንበት ነጥብ ይኸው ነበር፤ እስከ አሁንም አልተስማማንም።

ያም ሆኖ በዘመናችን በቀጥታ የተነገረ ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 ጅዳ ላይ ባደረገው 7ኛ ጉባኤ ስለ ሕክምና ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 67 ውስጥ ይህንኑ አንስቷል። ሐሳቡ በእኛ አባባል እንዲህ ነው፦ የሕክምና ምርምር ሙሉ ብቃት ያለው ሰው ፈቅዶ ብቻ ይደረጋል፤ ፈቃዱ ማስገደድ ያልነካው፣ ገንዘብም ያላባበለው ይሁን፤ ምርምሩም ጉዳት አያስከትል። ልብ በሉ፤ ማስገደድ ለሚለው ምሳሌ አድርጎ የጠቀሰው እስረኞችን ነው። በገንዘብ ማባበል ለሚለው ደግሞ ሚስኪኖችን።

እስረኛና ሚስኪን በአንድ ዓረፍተ ነገር! በሱረቱል ኢንሳን 8ኛው አንቀጽም ምግብ ስለሚበሉት ሰዎች ሲነገር ሚስኪኑ፣ የቲሙና ምርኮኛው አብረው መጠራታቸው ትዝ ይለናል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው ብለን ስናስብ ያገኘነው መልስ፣ ሁለቱም እምቢ ለማለት የሚከፍሉት ዋጋ ከሌላው ሰው መብለጡ ነው።

ይህን ለማየት ደግሞ ቺካጎ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ወላይታ ውስጥ ተጽፎ ዓለም የሚያነበው ጥናት አለ።

በሕዝቡ ዘንድ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። በአካባቢያችን በብዛት የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው፤ ትል ወይም ትንኝ የሚያመጣው ሳይሆን፣ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ 5.46 በመቶ የሚሆነው ሰው በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? ይህን ለመመለስ ዶክተር ፋሲል ተኮላ፣ ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው የዘር ጥናት አሰቡ። ከታማሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው ናሙና መውሰድ ነበረባቸው።

የሚያስመሰግናቸው ናሙናውን ከመውሰዳቸው በፊት ያደረጉት ነው። ሕዝቡ ዘንድ ሄደው ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ራሱ ጠየቁ። ታማሚዎችን፣ ጤነኞችን፣ የመስክ ሠራተኞችን፣ የአገር ሽማግሌዎችን፣ ሶዶ ላይ ሕክምናውን የሚሰጠውን ማኅበር ሠራተኞች አነጋገሩ። ውጤቱ በ2009 ታተመ። ተራ ቋንቋ ካልተጠቀሙ ሰው እንደማይረዳቸው፣ ሕዝቡ የሚያምነው ሰው መካከል መግባት እንዳለበት፣ ከግለሰቡ በፊት ለማኅበረሰቡ ማስረዳት እንደሚሻል ተገነዘቡ። አንድ ነገር ደግሞ ታማሚዎቹን በጣም ያስፈራ ነበር፦ «በዘር ነው» የሚለው ወሬ። ተመራማሪ በራቸው ላይ ሲቆም ጎረቤት ምን ይላል? ልጃቸውን ማን ያገባል?

ከሁሉ በላይ የገረመን ግን እውነተኛ ፈቃድ እንዳይገኝ እንቅፋት ይሆናሉ ብለው የዘረዘሯቸው ናቸው። ድህነት፤ ሌላ የሕክምና ቦታ አለመኖር፤ ታማሚዎቹ በሚያክማቸው ማኅበር ላይ ያላቸው እምነት። እምነት እንቅፋት ሲሆን አስቡት! ሰውየው እግሩን አጥቦ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ጫማ ያደረገለትን ሰው እንዴት እምቢ ይበለው? እምቢ ቢልስ ነገ ጫማው ይቀርብኛል ብሎ ባይሰጋስ? አጥር የለበትም፣ ጠባቂ የለበትም፣ ከቤቱ ወጥቶ ይገባል። ጅዳ ላይ ዑለሞቹ ሚስኪን ያሉት ሰው ይኸው ነው። ጥናቱ ከዚህ ትምህርት ጋር ቀጥሎ በ2012 ውጤቱ ታተመ፤ በሽታው ከሰውነት መከላከያ ጋር ከተያያዙ የዘር ምልክቶች ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳየ።

እንዲህ ከሆነ «እስረኛን ጨርሶ አትንኩ» ማለት አይቀልም? ከእኛ ውስጥ ያሉም ነበሩ። ጥናቱን ያሰበው ወንድማችን ግን እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ትክክልም ነበር። በጎረቤታችን በቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዞን ማረሚያ ቤቶች ስለ ሳንባ ነቀርሳ የተሠራ ጥናት በ2014 ታትሟል፤ በሀዲያም ተመሳሳይ ተሠርቷል። ሰው ተፋፍጎ በሚያድርበት፣ አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ አንዱ ሲያስል ሌላው ይስበዋል። የተፈታው ወደ መንደሩ ይወስደዋል፤ ጠባቂው ወደ ልጆቹ፣ ስንቅ ይዛ የመጣችው እናትም ወደ ቤቷ። ማንም ገብቶ ካላጠና፣ ታራሚው ከሙከራ ተጠብቆ በበሽታው ይሞታል። ያም በደል ነው።

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያሻሻለው፣ ማንዴላ ደንቦች የሚባለው የእስረኞች አያያዝ ሰነድ ደንብ 32 ላይ መሐሉን መንገድ ይዟል። ጤናን የሚጎዳ ሙከራ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ታራሚው ግን ተረድቶና በነፃ ፈቅዶ፣ ከግቢው ውጭ ላለው ሕዝብም ክፍት በሆነ ጥናት፣ ለራሱ ጤና ቀጥተኛና ትልቅ ጥቅም የሚጠበቅ ከሆነ ሊሳተፍ ይችላል። በእኛ አገርም ሕግ አለ። ኢትዮጵያ በ1993 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 7 ማንንም ያለ ነፃ ፈቃዱ ለሕክምና ሙከራ ማዋልን ይከለክላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምና ምርመራን እምቢ ማለት እንደሚችል ይናገራል። የሕግ ተማሪው ወንድማችን ይህን ሲያነብልን ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር።

እኛ በበኩላችን የያዝነው መለያ ቀላል ነው። ስቴትቪል ወባ በእስር ቤት የተጠናው በሽታው የእስረኞች ስለነበር አይደለም፤ እዚያ ሰው የትም ስለማይሄድ፣ ለመቁጠርና ለመከታተል ስለሚመች ነው። የማረሚያ ቤት ሳንባ ነቀርሳ ግን ሌላ ቦታ ሊጠና አይችልም፤ በሽታው የእነሱ ነው፣ የተገኘበትም ወዲያው ይታከማል። ስለዚህ የወንድማችን ጥናት ይገባዋል። የቀረው ካቦው፣ ሰልፉና ፊርማው ነበር።

ቅጹን እንደገና ጻፈው። ታራሚዎቹን የሚያነጋግራቸው ካቦውም ጠባቂውም በሌለበት፣ አንድ በአንድ ነው። ወረቀቱ በአማርኛ ብቻ ከመሆኑ ይልቅ በወላይትኛ ይነበብላቸዋል፤ ቅጹ ላይ ያለችው «ናሙና» የምትለዋ ቃል ራሷ «አክታህን ለመመርመር» በምትል ተተክታለች። መፈረምም ሆነ አለመፈረም ከአመክሮም፣ ከይቅርታም፣ ከቀጠሮም ጋር ግንኙነት እንደሌለው መጀመሪያ ይነገራቸዋል። የሚያስል ሁሉ ፈረመም አልፈረመም ይመረመራል፤ ፊርማው የሚፈለገው ውጤቱን በጥናቱ ውስጥ ለመጻፍ ብቻ ነው። ለተሳታፊ ሊሰጥ ያሰበውን አንድ አንድ ሳሙና በተመለከተ ብዙ ተከራክረናል። ውጭ ላለ ሰው ሳሙና ምንም አይደለም፤ ጠያቂ ለሌለው ታራሚ ግን ብዙ ነገር ነው። በመጨረሻ ሳሙናው ለተሳታፊ መሆኑ ቀርቶ ለክፍሉ ሁሉ እኩል እንዲሰጥ ወሰነ።

ቅጹ አሁን በሥነ ምግባር ገምጋሚው ኮሚቴ እጅ ነው። ሲሄድ የናሙናውን ስሌት አሳየን። ባለፈው ሴሚስተር ሲያሰላ እምቢ ለሚሉ ሰዎች የሚጨመረውን 10 በመቶ «እዚያ አያስፈልግም» ብሎ ትቶት ነበር። አሁን ጨምሮታል።